ከአርሆ እስከ ደረቅ ወደብ፦ የጭነት ሰዎች ማኅበር በመቀሌ መስመር

የመቀሌን ስም ያገነነው የአጼ ዮሐንስ አራተኛ ቤተ መንግሥት ቢሆንም ያኖራት ጭነት ነው። በምሥራቅ ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ጨው ይወጣላታል። በሰሜን በውቅሮና በአዲግራት አልፎ ወደ አስመራና ምጽዋ የሚወርድ መንገድ አላት። በደቡብ አምባ አላጄንና ማይጨውን አቋርጦ፣ የግራካሕሱን ጠመዝማዛ ወርዶ ወደ አላማጣ፣ ከዚያም ወደ ደሴና አዲስ አበባ የሚዘልቅ መንገድ አለ። በአብዓላ በኩል ደግሞ ወደ ሰመራና ጅቡቲ ይወረዳል። ስለነዚህ መንገዶች፣ ስለዘመቱባቸው ሠራዊቶችና ስለተዋጉባቸው ተራሮች ብዙ ተጽፏል። ጭነቱን ያመላለሱት ሰዎች እርስ በርሳቸው በምን እንደተያያዙ፣ ማን እንዳደራጃቸው፣ አደጋ ሲመጣ ማን ከጎናቸው እንደቆመ የጻፈልን ግን ጥቂት ነው። ታሪኩን ከጥንት ጀምሮ ስንቃኝ አንድ ነገር ይደጋገማል፦ መንገዱን የያዘ ኃይል ሁሉ ለጭነት ሰዎች የራሱን ማኅበር አበጅቶላቸዋል፤ ኃይሉ ሲወድቅ ማኅበሩም አብሮት ወድቋል። የቆየው አደጋውን የተካፈሉት ሰዎች ራሳቸው ያበጁት ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ምስክር የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ በደረሰበት ዘመን የሰማውን ጽፎልናል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ ወኪሎቹን በአገው ገዢ በኩል ወርቅ ወደሚገኝበት ወደ ሳሱ አገር ይልክ ነበር። ከእነርሱ ጋር ሌሎች ነጋዴዎች ይቀላቀላሉ፤ ቁጥራቸው ከ500 ይበልጣል። የሚይዙት ከብት፣ ጨውና ብረት ነው። ቦታው ሲደርሱ በእሾህ አጥር ይከልላሉ፣ ከብት ያርዳሉ፣ ሥጋውንና ጨውን አጥሩ ላይ ያኖራሉ፤ የአገሩ ሰው ወርቁን አኑሮ ዘወር ይላል፤ ሻጩ ከወደደው ወርቁን ያነሳል። ደርሶ መልሱ ስድስት ወር ይፈጃል። ሲመለሱ በመንገድ ላይ ወርቃቸውን እንዳይቀሙ በመሣሪያ ተጠብቀው፣ ክረምቱ ሳይገባ ወንዞቹ ሳይሞሉ ይፈጥናሉ። ከዚህ ትረካ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። አንደኛው፣ ነጋዴው ከንጉሥ ወኪል ጋር የሚጓዘው ለብቻው ቢሄድ ስለማይተርፍ ነው። ሁለተኛው፣ የጉዞውን ጊዜ የሚወስነው የቤተ መንግሥቱ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ዘመናት ሁሉ እነዚህ ሁለቱ፣ የነጋዴው ስጋትና የገዢው ፈቃድ፣ አብረው ይሄዳሉ።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በትግራይ ሲያልፍ በ300 እና በ400 አጋሰስ የሚቆጠር የጨው ጓዝ መንገድ ላይ ገጥሞታል። ትልልቁ ጓዝ የመኳንንት ነበር፤ 20 እና 30 አጋሰስ ይዘው የሚጓዙ ደሃ ነጋዴዎችም ነበሩ። ጨው ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር አልቫሬዝ በጥንቃቄ መዝግቧል። ተጠርቦ የሚወጣው የጨው ጡብ፣ አሞሌ፣ በአገሪቱ ገንዘብ ሆኖ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ ያገለገለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዋጋውን የሰጠው ያመላለሱት ሰዎች ድካም ነበር።

እዚህ ላይ አርሆን ረጋ ብለን ማየት ያስፈልጋል። አርሆ በትግራይ የጨው ቅፍለት ስም ነው። ከእንደርታ፣ ከአጽቢ፣ ከውቅሮ አካባቢ የሚነሱ ገበሬዎች አዝመራቸውን ሰብስበው ከጥቅምት በኋላ ግመላቸውን፣ በቅሏቸውንና አህያቸውን ይዘው ወደ አሳሌ ሐይቅ ዳርቻ ይወርዳሉ። ቦታው ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ በበጋው ወራት እንኳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ሥራው ይቆማል። ጨዋማውን ቅርፊት በእንጨት ፈልቅቆ የሚያነሳው አንድ ሠራተኛ ነው፣ አስተካክሎ አሞሌ የሚጠርበው ሌላ ነው፣ የሚጭነው ደግሞ ሦስተኛ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ክፍያ አለው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም። አንድ ግመል እስከ 30 አሞሌ ይሸከማል። ከዚያ ሽቅቡን በገደላ ገደሉ በበራህሌ በኩል ወጥቶ ወደ ደጋው ይመለስ ነበር፤ በበራህሌ ቀረጥ ይከፈላል። ጉዞው የሚቻለው በኅብረት ነው። ውኃ የት እንዳለ የሚያውቀው፣ በማን አገር ማለፍ እንደሚቻል የሚያስተባብረው፣ የታመመ ሰው ወይም የወደቀ ግመል ሲኖር ጓዙ እንዲቆይ የሚወስነው በቅፍለቱ ውስጥ ያለ ሰው ነው። የደጋው ገበሬ ከአፋር ወዳጁ ጋር ያለው ትውውቅ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ይህ ትውውቅ ማኅተምም ሆነ የምዝገባ ወረቀት የለውም። ስንት መንግሥት ሲለወጥ ግን ሳይቋረጥ ኖሯል። በኔ እምነት የመቀሌ የጭነት ሙያ መነሻው እዚህ ነው፤ ማንም ስለ ማኅበር ሊያስተምር የሚነሳ ሰው መጀመሪያ አርሆን ቢያጠና ይጠቅመዋል።

መንግሥትም ዝም ብሎ አላያቸውም። የጨውን መንገድ የሚጠብቅና ቀረጡን የሚሰበስብ በልገዳ የሚባል ሹም ነበር። በትግራዩ ገዢ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጨለቆትና አንታሎን ያዩት እንግሊዛውያኑ ሄንሪ ሶልትና ናትናኤል ፒርስ ቅፍለቱ በበልገዳው ጠባቂዎች ታጅቦ እንደሚወርድ ጽፈዋል። ሹመቱ ትልቅ ነበር፤ የአጼ ዮሐንስ አጎት ራስ አርአያ ድምጹ በወጣትነታቸው በበልገዳነት ይታወቁ ነበር፤ በኋላም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በመተማ ጦርነት ወድቀዋል። የጨው መንገድ ሹም መሆን ለሥልጣን መሰላል የነበረባት አገር፣ የጭነትን ክብደት በሚገባ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ከበልገዳው ጎን ነጋድራስ ነበር። ነጋድራሱ በመጀመሪያ የቅፍለቱ አለቃ ነው፦ ነጋዴዎቹን ይመራል፣ በየኬላው ቀረጡን ይደራደራል፣ ጠብ ሲነሳ ይዳኛል። ቀስ በቀስ ግን ቤተ መንግሥቱ ሹመቱን ወደ ራሱ ሳበው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነጋድራስ የጉምሩክ ኃላፊ ሆነ። ለነጋዴው ሲደራደር የነበረው ሰው ከነጋዴው ቀረጥ ሰብሳቢ ሆኖ ቁጭ አለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ስብራት ይህ ይመስለኛል፤ የጭነት ሰዎች የራሳቸው አፈ ጉባኤ የነበረውን ቦታ ያጡት ያኔ ነው። የዘመኑ ትልቁ የኢኮኖሚ ጸሐፊ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የትግራይ፣ የአድዋ አካባቢ ልጅ ነበር። በጅቡቲ ባቡር ተቆጣጣሪነትና በድሬዳዋ ጉምሩክ ሠርቷል። ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘው መጽሐፉ ንግድንና መንገድን ከአገር ሕልውና ጋር ያያያዘው ከዚህ ልምዱ ተነስቶ ነው።

መቀሌ ራሷ ወደ ዓለም ንግድ የገባችበት ውል ደግሞ በአጼ ዮሐንስ ዘመን የተፈረመው ነው። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. በአድዋ ከእንግሊዙ አድሚራል ዊልያም ሂዌት ጋር የተደረገው ስምምነት የኢትዮጵያ ዕቃ፣ የጦር መሣሪያም ጭምር፣ በምጽዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ፈቀደ። ዛሬ የትራንዚት መብት የምንለው ይህንኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጣሊያናዊውን ጃኮሞ ናሬቲንና ዊልያም ሺምፐርን ይዘው በመቀሌ ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩት በእነዚሁ ዓመታት ነው። ውሉ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ጥር 29 ቀን 1877 ዓ.ም. ጣሊያን ምጽዋን ያዘች። የወደብ መብት በወረቀት ብቻ ሲቀር ምን እንደሚመስል መቀሌ ቀድማ ቀመሰችው።

ጣሊያን ከዚያ በኋላ በራሷ በኩል የራሷን መረብ ዘረጋች። ከመርሳ ፋጥማ ወደ ኮሉሊ የተዘረጋው ቀጭን የባቡር ሐዲድ የዳሎልን ፖታሽ ወደ ባሕር አወረደ፤ ከምጽዋ ወደ አስመራ ባቡርና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው የአየር ገመድ ወጣ። በወረራው ዓመታት የአስመራ–አዲስ አበባ ጥርጊያ አስፋልት ለበሰ፤ መንገዱ በኵሓ በኩል ስላለፈ መቀሌ ጎን ላይ ቀረች፣ ኵሓ ግን የአውሮፕላን ማረፊያና የመኪና ማቆሚያ ሆነች። ጎንድራንድ የመሳሰሉ የጣሊያን የማጓጓዣ ኩባንያዎች ሠራተኛና ከባድ መኪና ይዘው ገቡ። ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» እያለ የሚጠራው ፊያት፣ ቀጥሎም «ኤንትሬ» የአገሪቱን ጭነት ለብዙ ዓመታት የጎተቱት ከዚያ ጀምሮ ነው። ሹፌር፣ ረዳት፣ ጎሚስታ፣ መካኒክ የተባሉ የሥራ መደቦች የተፈጠሩት በዚህ መንገድ ላይ ነው። የግመሉ ጌታ ሥራውን በአንድ ትውልድ ውስጥ አላጣም፤ በደጋው በኩል ግን የጭነት ሥራ ከእግር ወደ ጎማ ተዛወረ።

ከነጻነት በኋላ በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የባሕር ማጓጓዣ ሥራ በውጭ የመርከብ ወኪሎች እጅ ነበር፤ ጌላትሊ ሃንኪ ከሚታወቁት አንዱ ነው። በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ተቋቋመ። የሠራተኛ ማኅበራት ሕግም በዚያው ሰሞን ወጥቶ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሕጋዊ ሆነ። በማጓጓዣ ውስጥ ያለ ሰው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ግን አገሪቱ ያየችው በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነው፤ የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፣ ከመምህራን አድማ ጋር ተያይዞ ሥርዓቱን አናጋ።

ንጉሡን አውርዶ የመጣው አዲሱ መንግሥት ይህን ጉልበት ልቅ አልተወም። ደርግ ትልልቆቹን የማጓጓዣና የመርከብ ውክልና ድርጅቶች ወረሰ፣ ማሪታይምና ትራንዚትን በመንግሥት ሥር አደረገ፣ የግል ባለንብረቱን ከባድ መኪና ደግሞ በቀጠና አደራጀው። የቀጠና አሠራር እንዲህ ነበር፦ መኪናህ ያንተ ነው፤ ምን እንደሚጭን፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ በስንት ብር እንደሚጭን ግን የሚወስንልህ ስምሪት ክፍሉ ነው። ወረፋ ጠብቀህ ትጭናለህ፣ ታሪፉ ተቆርጦ ይሰጥሃል። ከቀጠናው የወጣ ጭነት ሕገ ወጥ ነው። ለአንዳንዱ ባለ አንድ መኪና ጥቅም ነበረው፤ ጭነት በደላላ እጅ ብቻ ሳይወድቅ በተራ ይደርሰዋል። ይሁንና ቀጠናው የባለንብረቶች ማኅበር ቢባልም ባለንብረቱ አለቃውን አልመረጠም፣ ታሪፉን አልተደራደረም። ነጋድራሱ ላይ የደረሰው እንደገና ደረሰ።

ከዚያ የ1977ቱ ረሃብ መጣ። በጥቅምት ወር የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረምና ከመቀሌ ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። ምግቡ መጣ፤ አሰብ ወደብ ላይ ተቆለለ። የጎደለው የሚያነሳው መኪና ነበር። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች ወደ መቀሌ እህል አመላለሱ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም የራሱን የማጓጓዣ ቡድን ኢትዮጵያ ውስጥ አቋቋመ። ደርግን በሚዋጋው በሕወሓት ወገን ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረተው የትግራይ ማኅበረ ረድኤት ከሱዳን ድንበር ተነስቶ በሌሊት፣ መብራት አጥፍቶ፣ ቀን ቀን ከዛፍ ሥር ተሸሽጎ እህል ያስገባ ነበር። ካርቱም ላይ የተቀመጡ የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች ጥምረት ገንዘቡንና እህሉን ያቀርብለት ነበር። አንድ ሕዝብ፣ ሁለት የጭነት መረብ፤ በመካከላቸው የጦር ግንባር።

በዚህ ዘመን ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ የ1982ቱ ነው። መቀሌ ከየካቲት 1981 ጀምሮ በሕወሓት እጅ ነበረች፤ ምጽዋም በዓመቱ ለኤርትራው ሻዕቢያ ወድቃለች። ያኔ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንና የውጭ አጋሮቻቸው በጋራ የእርዳታ ትብብራቸው በኩል ከአሰብ ተነስቶ በደሴ አልፎ፣ የጦር ግንባሩን ተሻግሮ ትግራይ የሚገባ መስመር ከፈቱ። ሁለቱም ተዋጊዎች እንዲያሳልፏቸው ተደራደሩ። የመኪና አሰላለፍ፣ የነዳጅ ቦታ፣ የእህል መረከቢያ ሰነድ፣ የሹፌር ደኅንነት፣ ሁሉም ነገር የሁለት ተዋጊ ወገኖች ስምምነት ያስፈልገው ነበር፤ ስምምነቱም ተገኘ። ይህን የሠሩት ሰዎች ከሙያቸው ማኅበር ይልቅ በእምነታቸው የተሳሰሩ ነበሩ። የሙያ ማኅበር ሊሠራው የሚገባውን ግን በደንብ አሳይተዋል፦ ለወገን ሳያደሉ፣ ደረሰኙን ሳያዛንፉ፣ ጭነቱን ለባለቤቱ ማድረስ።

በ1983 ደርግ ከወደቀ በኋላ ገበያው ተከፈተ። አዋጅ ቁጥር 14/1984 የቀጠናውን ግዴታ አነሳ፤ ታሪፉ በገበያ ዋጋ ተተካ። መቀሌ ላይ ትልቁ የጭነት ኃይል ከሕወሓት ጋር በተያያዘው በኤፈርት ሥር የተቋቋመው ትራንስ ኢትዮጵያ ሆነ፤ ተሳቢና ቦቴ የሚሠራው መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ እዚያው ከተማ ተተከለ፤ መሰቦ ሲሚንቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማምረት ሲጀምር ደግሞ ከተማዋ ራሷ ጭነት አመንጪ ሆነች። ሲሚንቶ ይወርዳል፣ ነዳጅና ማዳበሪያ ይወጣል። ይህ ለመቀሌ መካኒክ፣ ለጎሚስታው፣ ለሹፌሩ ትልቅ የሙያ ትምህርት ቤት ነበር፤ በዚያ ጋራዥና ጓሮ የሠለጠነው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል ትልቁ አጓጓዥ የፓርቲ ንብረት በሆነበት ገበያ ትንሹ ባለንብረት በማኅበር ተደራጅቶ በእኩልነት ይወዳደራል ማለት አስቸጋሪ ነበር። ቅሬታው በወቅቱ በአገር ደረጃ ሲነገር ኖሯል፤ አሁን ለታሪክ ብለን ስንጽፈው ሁለቱንም ገጽታ አብረን ማስፈር አለብን።

ግንቦት 1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ መስመሩ ዞረ። ምጽዋም አሰብም ተዘጉ፣ የአገሪቱ ጭነት ወደ ጅቡቲ ተገለበጠ። ለመቀሌ ነጋዴ ይህ ማለት ቅርቡ ወደብ እያለ ሩቁን መጠቀም ነው። በዚያው ዓመት የዕቃ አስተላላፊነትና የመርከብ ውክልና ፈቃድ ደንብ ቁጥር 37/1990 ወጥቶ ለግል ባለሙያው በር ከፈተ። ትራንዚተር የሚባለው ሙያ ሰው የበዛበት ከዚህ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ ዕቃ አስተላላፊዎችና የመርከብ ወኪሎች ማኅበርም በዚህ ሜዳ ላይ በቅሎ የዓለም አቀፉ የዕቃ አስተላላፊዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ የፊያታ፣ አባል ሆነ። ፊያታ በ1926 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተመሠረተ ነው፤ አባሎቹ የሚጠቀሙበት የጭነት ሰነድ በባንኮች ዘንድ ተቀባይነት አለው፣ ዲፕሎማውም በብዙ አገር ይታወቃል። የመቀሌ ወጣት ትራንዚተር በእንዲህ ያለ ማኅበር በኩል ከሲንጋፖርና ከሮተርዳም የሙያ ጓደኞቹ ጋር በአንድ ደንብ መሥራት ይችላል። ሆኖም ማኅበሩም፣ ሥልጠናውም፣ ስብሰባውም የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። ከመቀሌ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣው አባል ድምፁ እንደማይሰማ ማንም ይገምታል።

የባለንብረቶች ማኅበራት ታሪክ ግን ሌላ ነው። የትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 468/1997 የጭነት መኪና ባለንብረቶች በማኅበር ወይም በኩባንያ ተደራጅተው እንዲሠሩ አደረገ፤ ማኅበራቱም እንደ መኪኖቻቸው ይዞታ በደረጃ ተመደቡ። ማኅበሩ ጭነቱን ይዋዋላል፣ መኪናውን ያሰማራል፣ ከሚከፈለው ኮሚሽን ይተዳደራል። መንግሥት ማዳበሪያና ስንዴ ሲያስገባ ደግሞ ማኅበራቱ መኪና እንዲያቀርቡ ያዛል። ከቀጠናው የተሻለ ነው፤ አባሉ ማኅበሩን መቀየር ይችላል። ነገር ግን ማኅበሩ የባለንብረቱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግራካሕሱን የሚወርደው፣ በጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ላይ ቀናት ወረፋ የሚጠብቀው፣ በመንገድ ላይ የሚገደለውና የሚታገተው ሹፌር ስም በማኅበሩ መዝገብ ላይ የለም። ይህ ጉድለት ዛሬም አልተሞላም፤ ሊሞላ ይገባል።

ከ2004 ወዲህ ያለውን በአጭሩ ላሳልፈው። ደንብ ቁጥር 255/2004 የንግድ መርከቡን፣ ማሪታይምና ትራንዚትን፣ የደረቅ ወደቡን ድርጅት አንድ አደረጋቸው፤ መቀሌም ደረቅ ወደብ አገኘች። በወሎ ካለችው ሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የባቡር ሐዲድ ሥራ በ2007 ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ቀረ። የውጭ ኩባንያዎች በሎጂስቲክስ እስከ 49 በመቶ ድርሻ እንዲይዙ በ2011 መጀመሪያ ተፈቀደ፤ በ2015ም የመልቲሞዳል (የባሕርና የየብስ ጥምር ማጓጓዣ) ፈቃድ ከመንግሥት ድርጅቱ በተጨማሪ ለግል ኩባንያዎች ተሰጠ። መስከረም 1 ቀን 2011 በዛላምበሳ በኩል ድንበሩ ሲከፈት መቀሌ በአንድ ሳምንት ውስጥ የጥንቱን ፊቷን አገኘች፤ የኤርትራ ነጋዴና መኪና ገበያውን አጥለቀለቀው። ጉምሩክም የንግድ ስምምነትም ስላልነበረው በታኅሣሥ ድንበሩ ተመልሶ ተዘጋ። በሁለቱም ወገን ያሉ ነጋዴዎችና አጓጓዦች በዚያ ሦስት ወር ውስጥ የጋራ ምክር ቤት አቋቁመው ቢሆን ኖሮ መዘጋቱን ባያስቀሩትም የሚደራደር አካል ይኖራቸው ነበር።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 በፌዴራል መንግሥቱና በሕወሓት መካከል የተጀመረው ጦርነት ይህን ሁሉ ቆረጠው። ባንክ፣ ስልክ፣ ነዳጅ፣ መንገድ ተዘጋ። ከሰኔ 2013 በኋላ ወደ መቀሌ የሚያስገባው አንድ መስመር በሰመራና በአብዓላ በኩል ያለው ብቻ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት በቀን 100 መኪና መግባት አለበት ይል ነበር፤ የገባው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። በመስከረም 2014 መግቢያ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከሐምሌ ወዲህ ወደ ትግራይ ከገቡት ከ400 በላይ የኪራይ መኪኖች የተመለሱት 38 ብቻ መሆናቸውን አስታወቀ። የፌዴራል መንግሥት መኪኖቹን ሕወሓት ለጦርነት እንደያዛቸው ገለጸ፤ የትግራይ ባለሥልጣናት ደግሞ መመለሻ ነዳጅ እንደሌላቸውና ሹፌሮቹ በመንገድ ላይ እንደሚንገላቱ ተናገሩ። በሁለቱ መግለጫዎች መካከል መኪናው ያለ ሰው አለ። ብዙው ባለንብረት መኪናውን የገዛው በባንክ ብድር ነው፤ የተለመደው የተሽከርካሪ ኢንሹራንስ ደግሞ የጦርነትን ጉዳት አይሸፍንም። በዚያ ወቅት ስለ መኪኖቹ የሚናገሩ ድርጅቶችና መንግሥታት ሞልተው ነበር፤ የሹፌሩንና የባለንብረቱን ነገር በአደባባይ አንስቶ በስሙ የቆመለት ማኅበር ድምፅ ግን ቀጭን ነበር።

በመቀሌ ከተማ ውስጥ በእነዚያ ወራት የሠራው የሙያ መረብ በዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚመራው የሎጂስቲክስ ክላስተር ነው። የእርዳታ ድርጅቶች የሎጂስቲክስ ሠራተኞች እየተሰበሰቡ ማን ምን ያህል ነዳጅ እንዳለው፣ የትኛው መጋዘን ባዶ እንደሆነ፣ የቀጣዩ ቅፍለት መቼ ሊገባ እንደሚችል ይለዋወጡ ነበር። ከታኅሣሥ 2014 እስከ መጋቢት መጨረሻ አንድም የእርዳታ ቅፍለት ሳይገባ ሲቀር የቀረውን እህል በጥቂት ነዳጅ ለማዳረስ ተጣጣሩ። የዘመናዊ ሙያ መረብ ጥቅሙን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ጦርነቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ መቀሌ በረራውን ቀጠለ፤ መኪኖቹም መንገድ ገቡ።

ነገር ግን ሰላሙ ከመጣ ከስድስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ መጨረሻ 2015፣ የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለትግራይ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ አቆሙ። ምክንያቱ እህሉ ከተረጂው እየተዘረፈ ገበያ ላይ መገኘቱ ነው። በሰኔ መጀመሪያ እገዳው መላ አገሪቱን አዳረሰ። በዚህ መካከል የተራበው ሰው እንደተራበ ከረመ። ይህን ስል በሹፌሩና በመጋዘን ጠባቂው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ዝርፊያው ከእነርሱ በላይ ያሉ እጆች የነበሩበት ነው። ግን አንድ ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባል፦ ጭነቱ ሲጎድል ማኅተሙን የሚያይ፣ ሰነዱን የሚያመሳክር፣ አባሉ ሲሳሳት ፈቃዱን የሚያነሳ፣ አባሉ እምቢ ሲልና ሲያጋልጥ ደግሞ ከኋላው የሚቆም የሙያ ማኅበር ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ይደርስ ነበር? የሕክምናና የሕግ ባለሙያ የሥነ ምግባር ደንብ አለው። የሕዝብን ምግብ በእጁ የሚይዝ ባለሙያ የሌለው ለምንድን ነው?

አርሆም በነዚህ ዓመታት ተለውጧል። አስፋልቱ ወደ በራህሌና ከዚያም ወደ ታች ከወረደ ወዲህ ግመሉ ቀድሞ እስከ ደጋ ይወጣ የነበረውን ጉዞ አሳጥሮታል፤ ቀሪውን መንገድ አይሱዙ ይዞታል። በበራህሌ ጨው አቅራቢዎችና አጓጓዦች በማኅበር ተደራጅተው ይሠራሉ። አሞሌ በመቀሌ ገበያ አሁንም ይሸጣል። ከኮስማስ ዘመን ጀምሮ የታየው ጨው ዛሬም መንገድ ላይ ያለው በዚሁ የደጋና የቆላ ትውውቅ ነው።

የድርጅቶችና የማኅበራት ሕግ ከተሻሻለ ሰነባብቷል፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሙያ ማኅበር ማቋቋምን ከቀድሞው አዋጅ 621/2001 ይበልጥ ቀላል አድርጎታል፣ ከውጭ አጋር ገንዘብ ለማግኘትም ከልክሎት የነበረውን አጥር አንስቷል። ስለዚህ የምጠይቀው በሕግ የሚቻለውን ነው። በመቀሌ ያላችሁ ትራንዚተሮች፣ ሹፌሮች፣ ባለንብረቶች፣ የመጋዘንና የደረቅ ወደብ ሠራተኞች፣ የእርዳታ ድርጅት ሎጂስቲክስ ባለሙያዎች፣ በአንድ ጣራ ሥር ተሰብሰቡ፤ መሪያችሁን ራሳችሁ ምረጡ፣ ከአዲስ አበባው ማኅበር ጋር በአባልነት ተያያዙ እንጂ በቅርንጫፍነት አትታዘዙ። የመጀመሪያ ሥራችሁ አድርጋችሁ እንድትይዙት የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ በጦርነቱ የጠፉትን፣ የተቃጠሉትን፣ ታርጋቸው ብቻ የቀሩትን መኪኖች፣ ከሁሉ በላይ በመንገድ ላይ የሞቱትን ሹፌሮችና ረዳቶች ከነሰነዳቸው መዝግቡ። የካሳ ጥያቄም ሆነ የባንክ ዕዳ ድርድር ያለዚህ ዝርዝር አይጀመርም፤ ዝርዝሩን ከእናንተ በቀር በትክክል ሊያዘጋጅ የሚችል አካል የለም።